በበረዶ ወራት መኪና ለሚነዱ ወገኖቻችን፤ የትኛው የፊት መብራት ይሻላል?

እኛ ክረምት ብለን የምንጠራው ወራት ዝናም የሚዘንብበት፣ ወንዝ የሚሞላበት፣ ምድርም ልምላሜ የምትለብስበት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ግን ክረምት ሲባል ፀሐይ የምትርቅበት፣ ውኃ የሚረጋበት፣ ምድርም በነጭ በረዶ ተሸፍና የምትሰነብትበት የብርድ ወራት ነው። በአገራችን በረዶ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዝናም ጋር እንደ ጠጠር ወርዶ ወዲያው የሚቀልጠው ነው። በእነዚያ አገሮች የሚወርደው ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተንሳፈፈ ቀስ ብሎ የሚወድቅ፣ በወደቀበትም ላይ ለቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት የሚቆይ ነው።

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚህ በረዶና ስለ መኪና የፊት መብራት ለመጻፍ የተነሣንበት ምክንያት አለን። ብዙ ወገኖቻችን በአሜሪካ በሚኒሶታና በኮሎራዶ፣ በካናዳ በቶሮንቶና በካልጋሪ፣ በአውሮጳም በስዊድንና በኖርዌይ ይኖራሉ። ከእነዚህም አያሌዎቹ ታክሲ በመንዳት፣ ዕቃ በማድረስ፣ በሆስፒታልም የሌሊት ተረኛ ሆነው በመሥራት እንጀራቸውን ያገኛሉ። ጨለማ ሳለ ከቤት ወጥተው ጨለማ ሳለ የሚመለሱ ናቸው። እዚህ ያለችው እናትም ስልክ ደውላ «ልጄ፤ በሰላም ገባህ ወይ?» ብላ የምትጠይቀው ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ የመብራቱ ነገር የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ነው።

በአሁኑ ጊዜ መኪና የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት የፊት መብራት ያገኛል። አንደኛው ሃሎጅን የሚባለው የቆየው አምፑል ሲሆን ሁለተኛው ኤል ኢ ዲ የሚባለው አዲሱ ነው። አዲሱ ብሩህ ነው፤ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። ይሁን እንጂ በበረዶ አገር የሚነዱ ብዙ ሰዎች «አዲሱ መብራት በረዶውን አያቀልጠውምና ይሸፈናል፤ አሮጌው ይሻላል» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ፣ ባለ መኪናውስ ምን ማድረግ እንደሚገባው ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ ከጨለማው ይጀምራል። በአዲስ አበባ ቀን በጣም አጠረ ሲባል እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል አይጎድልም። በሚኒሶታ በሚኒያፖሊስ ከተማ ግን በታኅሣሥ አጋማሽ አካባቢ የቀኑ ብርሃን 9 ሰዓት አይሞላም፤ በስዊድን በስቶክሆልም ደግሞ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያ የሚኖር ሠራተኛ ወደ ሥራው ሲሄድም ሲመለስም መንገዱን የሚያየው በመኪናው መብራት ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ የሚወርደው በረዶ ሲጨመር መብራቱ የነጂው ሁለተኛ ዓይን ይሆናል።

አሁን የሁለቱን መብራቶች ጠባይ በየተራ እንመልከት።

የሃሎጅን አምፑል በመኪና ላይ ማገልገል የጀመረው በ1962 በአውሮጳ ነው። በውስጡ ተንግስተን ከሚባል ማዕድን የተሠራ ቀጭን ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሽቦው እጅግ ግሎ ያበራል። በአምፑሉ ውስጥ እንደ አዮዲንና እንደ ብሮሚን ያለ ሃሎጅን የሚባል ጋዝ ስላለ ከሽቦው የሚተነውን ተንግስተን መልሶ ወደ ሽቦው ያደርሰዋል፤ ስለዚህም አምፑሉ ቶሎ አይጠቁርም። ነገር ግን ብርሃኑ የሚገኘው ከግለት ስለ ሆነ የሚባክነው ብዙ ነው። አንድ የተለመደ አምፑል 55 ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ሲወስድ ብርሃን ሆኖ የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ሙቀቱም ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ስለሚጣል የመብራቱን ሽፋን ያሞቀዋል።

ኤል ኢ ዲ ግን የሚግል ሽቦ የለውም። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ራሷ ብርሃን የምትሰጥ፣ ከጤፍ ቅንጣት ብዙ የማትበልጥ ትንሽ ጠጣር ነገር ናት። ነጭ ብርሃን ከዚህ ለማግኘት አስቀድሞ ሰማያዊ ብርሃን የምትሰጠውን መሥራት ያስፈልግ ነበርና ይህን በማስገኘታቸው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ የሚባሉት የጃፓን ተወላጆች በ2014 በፊዚክስ የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። ሰማያዊው ብርሃን ቢጫ ቅባት መሰል ነገር ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ይለወጥና ሁለቱ ተደባልቀው ነጭ ሆነው ይታያሉ። ሌክሰስ የተባለው የጃፓን መኪና በ2007 አጭሩን የፊት መብራት በኤል ኢ ዲ አድርጎ ለገበያ አቀረበ፤ በ2008 ደግሞ አውዲ የተባለው የጀርመን መኪና የፊቱን መብራት በሙሉ በዚሁ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከውድ መኪናዎች ወርዶ ወደ ተራው ሰው መኪና ደርሷል።

የዚህ አዲስ መብራት ጥቅም ግልጥ ነው። ሃሎጅኑ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ግማሽ እንኳ ሳይወስድ ብዙ ብርሃን ይሰጣል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። በአሜሪካ ስለ መንገድ ደኅንነት የሚመረምረው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቋም ከ2016 ጀምሮ የመኪናዎችን የፊት መብራት እየመረመረ ደረጃ ይሰጣል። በ2021 ባወጣው ጥናት መብራታቸው «ጥሩ» የተባለ መኪናዎች በሌሊት ብቻቸውን የሚያደርሱት አደጋ መብራታቸው «ደካማ» ከተባለው በ19 በመቶ ያነሰ መሆኑን ገልጧል። እንግዲህ ጥሩ መብራት ነፍስ ያድናል ቢባል ማጋነን አይደለም። ይሁን እንጂ ይኸው ተቋም ደረጃ የሚሰጠው በመንገዱ ላይ የወደቀውን ብርሃን ለክቶ ነው እንጂ የአምፑሉን ስም አይቶ አይደለም። ኤል ኢ ዲ ሁሉ ጥሩ፣ ሃሎጅን ሁሉ ደካማ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

አሁን ወደ በረዶው እንመለስ። «ኤል ኢ ዲ አይሞቅም» ሲባል የሚሰማው አባባል በሙሉ ትክክል አይደለም፤ እርሱም ይሞቃል። ነገር ግን ሙቀቱ ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት አይወጣም። በጀርባው በተሠራለት ብረት በኩል፣ በአንዳንዱም በትንሽ ማራገቢያ እየተነፈሰ ወደ ኋላ ይሄዳል። የፊቱ ሽፋን ግን እንደ ቀዘቀዘ ይቀራል። በረዶውም ከቀዘቀዘው ሽፋን ላይ ሲያርፍ የሚያቀልጠው አያገኝምና አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ይጋግራል። መኪናው ሲሄድ የፊተኛው መኪና ጎማ የሚረጨው ጨው የተቀላቀለበት ጭቃማ በረዶም ይጨመርበታል። ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ቢጠፋ ነጂው ደንግጦ በቆመ ነበር፤ ግን የሚጠፋው ጥቂት በጥቂት ስለ ሆነ ዓይኑ እየለመደው ይሄዳል። ይልቁንም የመንገድ መብራት ባለበት ከተማ ውስጥ ሲነዳ ቆይቶ ወደ ጨለማው አውራ ጎዳና ሲወጣ ነው መብራቱ እንደ ደከመ የሚገባው።

ይህ ነገር በመኪና ላይ ብቻ የታየ አይደለም። የአሜሪካ ከተሞች ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ የመንገድ ማስተላለፊያ መብራቶቻቸውን በኤል ኢ ዲ በለወጡ ጊዜ በሰሜኑ ግዛቶች በረዶ መብራቶቹን እየሸፈነ ቀዩና አረንጓዴው አልለይ አለ። በ2009 በኢሊኖይ ግዛት መብራቱ በበረዶ ተሸፍኖበት ያለፈ መኪና ባደረሰው ግጭት አንዲት ሴት እንደ ሞተች ተዘግቧል። በአሮጌው አምፑል ዘመን ሙቀቱ ከብክነት የሚቈጠር ነበር። ሲቀር ግን ማንም ሳያዝዘው በረዶውን ያጸዳ የነበረ አገልጋይ እንደ ነበረ ታወቀ።

የእኛም ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ሃሎጅኑ በብክነቱ ይሠራው የነበረው የማጽዳት ሥራ በኤል ኢ ዲ ዘመን ወደ ባለ መኪናው እጅ ተመልሷል። መብራቱን የለወጠ ሰው ልማዱንም ካልለወጠ ከአሮጌው መብራት የባሰ ጨለማ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ነገር ግን ሃሎጅኑንም ያለ ልክ ማመስገን አይገባም። ብርዱ ሲጠና፣ ነፋሱም ሲበረታ፣ ጭቃማው በረዶም በብዛት ሲረጭ የ55 ዋት አምፑል ሙቀት አይበቃም፤ እርሱም ይሸፈናል። አንዳንድ ጊዜም የቀለጠው ውኃ ወደ ሽፋኑ ዳር ወርዶ እንደገና ይረጋና ግግር ይሆናል። ስለዚህ ሃሎጅን ያለውም ነጂ ከማጽዳት ነጻ አይደለም፤ የሚለየው ጊዜ የሚያገኝ መሆኑ ነው።

የበረዶ አገር ሰዎች ይህን ችግር ከኤል ኢ ዲ በፊትም ያውቁት ነበር። የስዊድኑ ሳብ ኩባንያ በ1970 ገደማ ለፊት መብራት ትንሽ መጥረጊያ ሠርቶ በመኪናው ላይ አውሏል። ከዚያም ወዲህ ውኃ በኃይል እየረጨ መብራቱን የሚያጥብ መሣሪያ በብዙ መኪናዎች ላይ ታየ። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ለከባድ የጭነት መኪናዎችና ለበረዶ ጠራጊ መኪናዎች ሽፋናቸው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የኤል ኢ ዲ መብራቶች ይሠራሉ። የመኪናው የፊት መስታወት ሲሞቅ እንደሚጠራ ሁሉ የመብራቱም ሽፋን እንዲሁ ይጠራል። በበረዶ አገር አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ወንበሩ ቆዳ ከመጠየቁ በፊት «መብራቱ ማጠቢያ ወይም ማሞቂያ አለውን?» ብሎ ቢጠይቅ ብልህነት ነው።

ቀጥሎ ስለ ብርሃኑ ቀለም የሚነገረውን እንመርምር። የሃሎጅን ብርሃን ወደ ቢጫ ያደላል፤ የኤል ኢ ዲ ግን ነጭ ሆኖ ጥቂት ሰማያዊ ይመስላል። «ቢጫው በረዶን ሰንጥቆ ያልፋል» የሚሉ አሉ። ፈረንሳይም ከ1936 ድንጋጌዋ ጀምሮ እስከ 1993 ድረስ መኪናዎች ሁሉ ቢጫ የፊት መብራት እንዲኖራቸው ታስገድድ ነበር። ይሁን እንጂ የበረዶ ቅንጣት ከብርሃን ሞገድ እጅግ የሚተልቅ ስለ ሆነ ቢጫውንም ነጩንም በእኩል ያህል ይመልሰዋል፤ ቢጫ ስለ ሆነ ብቻ አልፎ የሚሄድ የለም። እውነቱ ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ከበረዶው ተመልሶ ወደ ዓይን ሲመጣ ይበልጥ የሚያውክ መስሎ የሚሰማቸው ሰዎች ብዙዎች መሆናቸው ነው።

ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ የሚበልጠው ብርሃኑ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በረዶ ሲወርድ ረጅሙን መብራት ያበራ ሰው በፊቱ ነጭ መጋረጃ የተዘረጋበት ይመስለዋል፤ ብርሃኑ ከሚወርደው ቅንጣት እየተመለሰ ዓይኑን ይመታዋልና። በእንደዚህ ያለ ጊዜ አጭሩ መብራት፣ ካለም ዝቅ ብሎ የተተከለው የጉም መብራት ይሻላል። የበለጠ ብርሃን ሁልጊዜ የበለጠ ማየት አይደለም።

በዚህ ላይ የፍሬኑን ነገር መርሳት አይገባም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ15 ሜትር ገደማ ሊቆም ይችላል። በተረገጠ በረዶ ላይ ግን 50 ሜትር ያህል ሊንሸራተት ይችላል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት በጠቅላላው ከ60 ሜትር በላይ ማለት ነው። አጭሩ መብራት ንጹሕ ሆኖ ሳለ መንገዱን አጥርቶ የሚያሳየው ከ50 እስከ 75 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ መብራቱ በበረዶ ተሸፍኖ እይታው ወደ 30 ሜትር ቢወርድ መንገድ የሚሻገረውን ሕፃን ነጂው የሚያየው መኪናውን ማቆም በማይችልበት ስፍራ ላይ ነው። ለመብራቱ የምንጨነቀው ስለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ አሮጌው መኪናቸው አዲስ እንዲመስል የሃሎጅኑን አምፑል አውጥተው በእርሱ ቦታ ከገበያ የተገዛ ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፑል ይተክላሉ። ይህን አንመክርም። የመኪናው መብራት ውስጠኛ መስታወት የተሠራው ለሃሎጅኑ ሽቦ ልክና ስፍራ ነው። ብርሃኑ ከሌላ ስፍራ ሲመነጭ ወደ መንገዱ መውረዱ ቀርቶ ወደ ላይ ይበተናል፤ የሚመጣውንም ነጂ ዓይን ያሳውራል። በበረዶ ጊዜ ደግሞ የተበተነው ብርሃን ወደ ራሱ ወደ ነጂው ይመለሳል። በዚህም ላይ የሃሎጅኑ ሙቀት ስለሚቀር ሽፋኑ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የሁለቱንም ጉዳት ይዞ የአንዱንም ጥቅም ሳያገኝ ይቀራል። በጀርመን ከ2020 ጀምሮ ተመርምረው የተፈቀዱ እንዲህ ያሉ አምፑሎች አሉ፤ የተፈቀዱት ግን በስም ለተዘረዘሩ መኪናዎች ብቻ ነው። ስለዚህ የሚኖሩበትን አገር ሕግ ሳይጠይቁ መለወጥ አይገባም።

«እንግዲያስ የትኛውን እንምረጥ?» ለሚለን አንባቢ መልሳችን ይህ ነው። ኑሮው ብዙ በረዶ በሚወርድበት ገጠር የሆነ፣ በሌሊትም ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ማጠቢያ ወይም ማሞቂያ ያለው የኤል ኢ ዲ መብራት ቢያገኝ ከሁሉ ይሻለዋል። ይህ የሌለው ኤል ኢ ዲ ያለው ሰውም መኪናውን አይጥላ፤ እየቆመ ለማጽዳት ይወስን። ሃሎጅን ያለው ሰው ደግሞ በመኪናው አይፈር። አምፑሉ ሲቃጠል በጥቂት ገንዘብ ይለወጣል፤ ኤል ኢ ዲው ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ መብራቱ በሙሉ ስለሚለወጥ ዋጋው ቤት ያናጋል። ሃሎጅኑ የደከመ ቢመስልም ምክንያቱ አምፑሉ ሳይሆን ፀሐይ አቃጥሎት የደበዘዘው የፕላስቲክ ሽፋን ሊሆን ይችላልና አስቀድሞ ሽፋኑን ማስወልወል ይገባል።

ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅሙትን ምክሮች ከዚህ በታች በቁጥር አስቀምጠናል።

1ኛ፤ ከመነሣት በፊት የፊቱንና የኋላውን መብራት፣ መስታወቶቹን ሁሉ፣ ጣራውንም ጭምር ከበረዶ ማጽዳት ነው። የጣራው በረዶ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ተንዶ መስታወቱን ይሸፍናልና።

2ኛ፤ መብራቱን ለስላሳ ጠጕር ባለው ብሩሽ መጥረግ ነው። የአሁኖቹ መኪናዎች ሽፋን ፕላስቲክ ስለ ሆነ በብረት ወይም በሹል መፋቂያ ቢፋቅ ይጫጫራል፤ የተጫጫረ ሽፋንም ብርሃኑን ይበትናል። የፈላ ውኃም ሊሰነጥቀው ስለሚችል አይፈሰስበት።

3ኛ፤ በረዶ እየወረደ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው መኪና ማቆሚያ በተሠራበት ስፍራ እየቆመ መብራቱን ይጥረግ። በአውራ ጎዳናው ዳር መቆም ግን ራሱ አደጋ ነውና አይደረግ።

4ኛ፤ የኋላ መብራትን አለመርሳት ነው። መኪናው ሲሄድ የሚያስነሣው በረዶ ተሽከርክሮ ከኋላው ይለጠፋል። በብዙ መኪናዎች ደግሞ በቀን በራሱ የሚበራው የፊቱ ብቻ ስለ ሆነ ነጂው «መብራቴ በርቷል» ሲል የኋላው ጠፍቶ ይገኛል። ስለዚህ በረዶ ሲወርድ ቀንም ቢሆን ማብሪያውን በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። መብራት ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ነው።

5ኛ፤ ብርዱ ሳይገባ በጋራዥ የመብራቱን አቅጣጫ ማስለካት፣ ለማጠቢያውም በብርድ የማይረጋ ውኃ መሙላት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

6ኛ፤ ብሩሽና ጓንት፣ ብርድ ልብስና የእጅ ባትሪም ሁልጊዜ ከመኪናው አይለዩ።

ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ነገር ግን ለሥራ የዘገየ ሰው ይህችን ሩብ ሰዓት እንደ ብዙ ይቈጥራታል። በፊት መስታወቱ ላይ እንደ መስኮት ትንሽ ቀዳዳ ፍቆ፣ መብራቱን እንደ ተሸፈነ ትቶ ይነሣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በበረዶ መንገድ ላይ የጠፋች ነፍስ ግን አትለቀምም። ስለዚህ በቤት ውስጥ ያለው ሰው ቢተባበር መልካም ነው። ነጂው ቁርሱን ሲቀምስ ከፍ ያለው ልጅ ወጥቶ መብራቶቹን ቢጠርግ ሥራውም ይቀላል፤ ልጁም ነገ ራሱ ሲነዳ የሚጠቅመውን ልማድ ይይዛል። ባልና ሚስትም በየተራ የሚነዱ ከሆነ ያለፈው ሰው ለሚቀጥለው መኪናውን አጽድቶ ቢያስረክብ ከብዙ ቃል የሚበልጥ የፍቅር ምልክት ነው።

በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም ልጃችሁን በስልክ ስታገኙት ስለ ብርዱና ስለ ልብሱ ከጠየቃችሁት በኋላ «መብራትህንስ ጠርገሃል ወይ?» ብላችሁ ጨምሩበት። በሩቅ አገር ያለውን ልጅ በረዶ ልንከለክልለት አንችልም፤ በጨለማ ከመነሣቱ በፊት ግን አንድ ቃል ልናስታውሰው እንችላለን።